ፀረ-ስበት ሞተርና የቆቦ ጉድጓድ

በጥቅምት ከወልዲያ ተነስቶ በጎብዬና በሮቢት በኩል ወደ ቆቦ የሚያልፍ መንገደኛ ማሽላው መሃል የተተከሉ የእንጨት ማማዎችን ያያል። ማማው ላይ ወንጭፍ የያዘ ልጅ ቆሟል። የግሪሳ መንጋ ሲያንዣብብ ወንጭፉን ከራሱ በላይ ሁለት ሦስቴ ያዞርና አንዱን ጫፍ ይለቀዋል። ድንጋዩ እንደ ወንጭፉ እየዞረ አይሄድም። በተለቀቀባት ቅጽበት ይዞት በነበረው አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ይተኮሳል፤ ከዚያ ስበት እየጎተተ ያወርደዋል። ልጁ መቼ መልቀቅ እንዳለበት ያውቃል። ቀድሞ ከለቀቀ ድንጋዩ የጎረቤት ማሳ ላይ ያርፋል፤ ከዘገየም እንዲሁ።

እዚያች ቅጽበት ውስጥ ሁለት የፊዚክስ ጥያቄዎች አሉ። አንዱ ድንጋዩ የያዘውን ፍጥነትና አቅጣጫ ላለመልቀቅ የሚያሳየው እምቢታ ነው፤ ኢነርሺያ ይሉታል። ሌላው ወደ ታች የሚጎትተው ስበት ነው። የሰው ልጅ ሁለቱንም ከኒውተን ወዲህ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ በስሌት ሲሠራባቸው ኖሯል። ከምን እንደሚመነጩ ግን እስከ ሥሩ ድረስ ተፈትቶ አላለቀም። ወሬው ሁሉ የሚገባው በዚህች ክፍተት ነው።

ወሬው በአማርኛም ደርቷል። ስበትን የሚያጠፋ ሞተር፣ ነዳጅም መብራትም የማይፈልግ ጄኔሬተር፣ ቴስላ አግኝቶት ኃያላኑ የቀበሩት ምስጢር፣ አክሱምንና ላሊበላን ያነጹ አባቶች ይዘውት የነበረ የጠፋ ጥበብ እየተባለ በየስልኩ ቪዲዮ ይዞራል። አዲስ አበባ ካፌ ውስጥ ተቀምጦ ለሚያይ ሰው ይህ መዝናኛ ነው። ቆቦ ላይ ግን ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። የቆቦ ገበሬ በየቀኑ የሚታገለው ከስበት ጋር ነው፤ ውሃው ከመሬት በታች ነው፣ ሽንኩርቱ ከመሬት በላይ። "ያለ ነዳጅ ውሃ የሚያወጣ ማሽን" የሚል ማስታወቂያ እሱ ዘንድ ሲደርስ ቁጠባው ላይ የቀረበ ጥያቄ ይሆናል።

ሆኖም በጥያቄው በራሱ ላይ መሳቅ ስህተት ነው። ኦስትሪያዊው ኤርንስት ማኽ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያነሳው ጥርጣሬ ዛሬም ሕያው ነው። በጠፈር ውስጥ አንድ ድንጋይ ብቻ ቢኖር "ይዞራል" ወይም "ቆሟል" የሚባለው ከምን አንጻር ነው? ማኽ የአንድ አካል ኢነርሺያ በሩቅ ካሉት ከዋክብት ሁሉ ጋር የተሳሰረ ነው ወደሚል ሐሳብ አዘነበለ። አይንስታይን ሐሳቡን ወድዶ "የማኽ መርህ" ብሎ ሰየመው፤ የራሱ የስበት ጽንሰ ሐሳብ ግን መርሁን ሙሉ በሙሉ አላሟላም። ጥያቄው ስለዚህ ቀረ።

በዚህ ላይ ተመሥርቶ አሜሪካዊው ጄምስ ውድዋርድ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ አንድ ድፍረት የተሞላበት ነገር ሲያራምድ ቆይቷል። ኃይል በፍጥነት ሲገባበትና ሲወጣበት የአንድ አካል መጠነ ቁስ ለአፍታ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሲከብድ ገፍቶ ሲቀል በመሳብ ወደ ኋላ ምንም ሳይተፉ ወደ ፊት መሄድ ይቻላል ነው የሚለው። በእንግሊዝ የፕሊመዝ ዩኒቨርሲቲው ማይክ ማኩሎክ ደግሞ ኢነርሺያን ከባዶ ጠፈር ጨረር የሚያወጣ ሌላ መላምት አቀረበ፤ የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ተቋም ዳርፓም በ2018 ለዚሁ 1.3 ሚሊዮን ዶላር መደበ። እነዚህ ሰዎች ስሌታቸውን አሳትመዋል፣ ፈትኑን ብለዋል። አብዛኛው የፊዚክስ ሊቅ አይቀበላቸውም፤ አታላዮች ግን አይባሉም።

ችግሩ የሚመጣው መለኪያው ሲቀርብ ነው። የዚህ ወሬ ሁሉ አውራ የሆነው ኤም-ድራይቭ ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ሮጀር ሾየር በ2001 አካባቢ አንዱ ጫፉ የሰፋ የመዳብ ቆርቆሮ ውስጥ ማይክሮዌቭ ቢዘጋበት ቆርቆሮው በራሱ ወደ ፊት ይሄዳል አለ። በ2016 የናሳ ተመራማሪዎች ቡድን በአንድ ኪሎ ዋት 1.2 ሚሊኒውተን ግፊት ለካን ብሎ በታወቀ መጽሔት ላይ አወጣ፤ ዓለም ተንጫጫ። ይህ ግፊት ስንት ነው? ጥቂት መቶ የጤፍ ፍሬ መዳፍ ላይ ሲያርፍ የሚሰማው ክብደት ነው። በጀርመን የድሬስደን ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲው ማርቲን ታይማር መለኪያውን አጥርቶ ደገመው። በ2021 ያወጣው ውጤት አጭር ነው፦ ግፊት የለም። መሣሪያው ሲሞቅ የተሰቀለበት መያዣ ይለጠጥ ስለነበር መርፌው ይንቀሳቀስ ነበር። ሙቀቱ ሲታረም የጤፍ ፍሬዎቹም ጠፉ።

የማኩሎክን መላምት ጠፈር ላይ ለመሞከር ባሪ-1 የተባለች ትንሽ ሳተላይት በኖቬምበር 2023 ወጥታ ነበር። በፌብሩዋሪ 2024 በኤሌክትሪክ ብልሽት ምክንያት ግንኙነቷ ተቋረጠ፤ መግፊያው አንዴም ሳይበራ። አፍቃሪዎቹ ይህንንም "አስቆሟት" ብለው ማውራታቸው አልቀረም።

ስበት ራሱ ይገለበጣል የሚለው ተስፋም የራሱ ቀን ደርሶበታል። ፀረ-ቁስ ወደ ታች ሳይሆን ወደ ላይ ይወድቅ ይሆን የሚል ጥያቄ ለብዙ ዓመታት ክፍት ነበር፤ መልሱ አዎ ቢሆን ኖሮ እውነተኛ ፀረ-ስበት ተገኘ ማለት ነበር። ጄኔቭ አጠገብ ባለው የሰርን ቤተ ሙከራ አልፋ የተባለው ቡድን የፀረ-ሃይድሮጅን አተሞችን አጥምዶ ለቀቃቸው። ውጤቱ በሴፕቴምበር 2023 ታተመ፦ እንደማንኛውም ነገር ወደ ታች ወደቁ።

ከሁሉም በላይ ዓይን የሚያታልለው ግን የሚንቀጠቀጠው ማሽን ነው። ኖርማን ዲን የተባለ አሜሪካዊ በ1959 ለእንዲህ ያለ ማሽን የፈጠራ መብት አውጥቷል፤ ዛሬ በቪዲዮ የሚታዩት ብዙዎቹ የእሱ ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። ውስጡ ከባድ ብረት እየተሽከረከረ ወይም ወዲያ ወዲህ እያለ ሳጥኑ ጠረጴዛው ላይ ቀስ እያለ ወደ ፊት ይሄዳል። ተመልካች "ጎማም ገመድም የለው፣ ምን ገፋው?" ይላል። መልሱን ጋሪ ላይ የተቀመጠ ልጅ ያውቀዋል። ፈረሱ የተፈታ ጋሪ ላይ ቁጭ ብሎ ገላውን በቀስታ ወደ ፊት አሳልፎ በድንገት ወደ ኋላ ቢወረውር ጋሪው ትንሽ ወደ ፊት ይነቃነቃል። በቀስታ ሲሆን የጎማውና የመሬቱ ሰበቃ ጋሪውን ይይዘዋል፤ በኃይል ሲሆን ሰበቃው ይሸነፋል። የገፋው መሬቱ ነው ማለት ነው። ያንኑ ሳጥን ከጠረጴዛው አንስቶ በገመድ ቢያንጠለጥሉት እዚያው ሲወዛወዝ ይውላል እንጂ ወዴትም አይሄድም። እንዲህ ያለ ቪዲዮ ያየ ሰው አንድ ነገር ብቻ ይጠይቅ፦ ለምን አላንጠለጠሉትም?

በነገራችን ላይ በዚህ የሚወድቀው ያልተማረ ብቻ አይደለም። በለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ ስመ ጥር የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ፕሮፌሰር የነበረው ኤሪክ ሌዝዌይት በ1974 በታወቀው የሮያል ኢንስቲትዩሽን መድረክ ላይ የሚሽከረከር ጎማ ይዞ ወጥቶ የኒውተን ሕግ እዚህ ላይ አይሠራም ለማለት ሞከረ። ጎማው ሚዛን ላይ ሲቀመጥ ክብደቱ አልቀነሰም። ሰውየው ግን ማመኑን አልተወም።

አሁን ወደ አገር ቤቱ ወሬ። እዚህ የሚነገረው ቅጂ ከውጭው ይለያል፤ የኩራት ልብስ ለብሷል። የአክሱም ሐውልቶች በጽላቱ ኃይል ከመሬት ተነሱ የሚለው ወግ ግራሃም ሃንኮክ በ1992 ባሳተመው ስለ ጽላተ ሙሴ የሚያወራ መጽሐፍ ውስጥም ገብቶ ዓለምን ዞሯል። እምነት የእምነት ቦታ አለው፤ ማንም ሰው ጽላቱን በተመለከተ የሚያምነውን በፊዚክስ መለካት አያስፈልገውም። ይህን እምነት ወስዶ "የፀረ-ስበት ቴክኖሎጂ" ብሎ የሚሸጠው ግን ሌላ ሥራ ላይ ነው፤ እሱ መለካት አለበት።

መለኪያውም እዚያው አክሱም ተኝቷል። ትልቁ ሐውልት 33 ሜትር ቁመትና 520 ቶን ገደማ ክብደት ነበረው። ተሰባብሮ ወድቋል፤ ብዙ አጥኚዎች ገና ሲተከል ሳይወድቅ አልቀረም ይላሉ። ስበት የጠፋለት ሰው ድንጋይ አይወድቅበትም። ከከተማዋ በስተምዕራብ ባለው የጎበድራ ኮረብታ ላይ ደግሞ ድንጋዩን ለመሰንጠቅ ሽብልቅ የገባባቸው ቀዳዳዎች በረድፍ ተደርድረው እስከ ዛሬ ይታያሉ። የአንድ ጠራቢ የመዶሻ ምት፣ ቀጥሎ የሌላው፣ ቀጥሎ የሌላው። ጣሊያን በ1937 የወሰደው 24 ሜትሩ ሐውልት በ1997 ዓ.ም. ሲመለስ በዓለም ካሉት ትልልቅ የጭነት አውሮፕላኖች አንዱ የሆነው አንቶኖቭ እንኳ በሦስት ተከፍሎ ነው የተሸከመው፤ በ2000 ዓ.ም. ቦታው ላይ እስኪቆም ድረስም የመሐንዲስና የክሬን ያለህ ተብሏል። የአክሱም ሰው ይህንኑ ያህል ድንጋይ በገመድ፣ በእንጨት፣ በአፈር ቁልልና በብዙ ትከሻ አቁሞታል። ያንን ትከሻ ሰርዞ ቦታው ላይ ምስጢራዊ ጨረር የሚጽፍ ሰው አባቶችን አከበርኩ ሊል አይችልም።

ላሊበላ ላይ ሲደርስ ደግሞ ወሬው ጭራሽ መሠረት ያጣል። ከቆቦ ሜዳ ወደ ምዕራብ፣ ከተራራው ጀርባ፣ ያው ሰሜን ወሎ ውስጥ ያሉት አብያተ ክርስቲያናት ድንጋይ ተነስቶ አልተሠሩም። ከላይ ወደ ታች ተፈልፍለው ነው የወጡት። ጣሪያው ቀድሞ፣ መሠረቱ መጨረሻ። ወደ ላይ የተነሳው ፍርፋሪው ብቻ ነው። በዓለም ላይ ፀረ-ስበት የማያስፈልገው ሕንፃ ቢፈለግ ከላሊበላ የተሻለ አይገኝም። የክረምቱ ዝናብ ግቢውን እንዳያጥለቀልቅ የተቆረጡት የውሃ መውረጃዎችም ስበትን ተጠቅመው ነው የሚሠሩት።

የጥንት እውቀት ለሚናፍቅ ሰው ከዚህ የተሻለ ታሪክ አለ። አጼ ካሌብ አክሱም ላይ በነገሡበት ዘመን እስክንድርያ ውስጥ ዮሐንስ ፊሎፖኖስ የሚባል ሊቅ ነበር፤ የኬልቄዶንን ጉባኤ ካልተቀበሉት ወገን። አርስቶትል የተወረወረን ድንጋይ የሚገፋው አየሩ ነው ብሎ ነበር። ፊሎፖኖስ አይደለም፣ ወርዋሪው ለድንጋዩ የሚሰጠው ኃይል አለ፣ ድንጋዩን ይዞት የሚሄደው እሱ ነው ብሎ ጻፈ። ከባድና ቀላል ነገር ከአንድ ከፍታ ሲለቀቁ አርስቶትል ያለውን ያህል እንደማይለያዩም አየሁ አለ። ከጋሊሊዮ በፊት አንድ ሺህ ዓመት ገደማ። ይህ ስለ ኢነርሺያ ከተጻፉት የመጀመሪያዎቹ ቁም ነገሮች አንዱ ነው፤ ምስጢርም ጨረርም የለበትም፣ ሰውየው ያየውን ነገር አምኖ ታላቁን ፈላስፋ መቃወሙ ብቻ ነው። ለምን ይህ ቪዲዮ አይሠራለትም?

ወደ ቆቦ እንመለስ። ሜዳው 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። በምዕራብ በኩል ተራራው እንደ ግድግዳ ይነሳል፤ በምሥራቅ የዞብል ተራሮች ከአፋር ይለዩታል። መሃል ላይ ለዘመናት ጎርፍ ያወረደው ደለል ተኝቷል፤ ደለሉ ውሃ አቁሯል። የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ጥልቅ ጉድጓዶችን ያስቆፈረው ለዚህ ነው። ውሃው አለ። ጥያቄው ማን ያነሳዋል የሚል ነው።

ስሌቱ ከባድ አይደለም፤ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ይሠራዋል። ውሃው 40 ሜትር ጥልቀት ላይ ነው እንበል። አንድ ሜትር ኩብ፣ ማለት አንድ ሺህ ሊትር፣ ወደ ላይ ለማውጣት ከ0.11 ኪሎ ዋት ሰዓት በታች መቀነስ አይቻልም። ይህ ፓምፑ ፍጹም ቢሆን ነው። ፓምፕና ሞተር ግማሹን ያባክናሉ፤ ስለዚህ 0.22 ይሁን። አንድ ሄክታር በአንድ ወቅት 5,000 ሜትር ኩብ ቢጠጣ 1,100 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል መብራት ይሄዳል። በናፍጣ ከሆነ፣ ትንንሽ ሞተሮች ከነዳጁ ኃይል ውሃ ላይ የሚያደርሱት ትንሹን ስለሆነ፣ 350 ሊትርና ከዚያ በላይ። ናፍጣ ዋጋው ሲጨምር፣ ሲጠፋም በጀሪካን በጥቁር ገበያ ሲሸጥ ገበሬው ይህን ቁጥር ሳያሰላ በኪሱ ያውቀዋል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ቆቦ ሲደርስ ደግሞ መብራቱም፣ ስልኩም፣ ባንኩም አብረው ጠፉ። በመብራት የሚሠራ ጉድጓድ መብራት ሲጠፋ ጉድጓድ ብቻ ነው።

"ነፃ ኃይል" የሚለው ቃል ጆሮ የሚያገኘው በዚህ ምክንያት ነው፤ ገበሬው ሞኝ ስለሆነ አይደለም። ነገር ግን 0.11ን ማንም ሞተር ዝቅ አያደርጋትም። ውሃው ክብደት አለው፣ ጉድጓዱ ጥልቀት አለው፣ ሁለቱ ሲባዙ የሚመጣውን ሒሳብ አንድ ሰው መክፈል አለበት። ከፋዩን መለወጥ ግን ይቻላል። ለምሳሌ ፀሐይ። የራያ ቆላ ፀሐይ የሚታማ አይደለም። ያንኑ አንድ ሄክታር በመቶ ቀን ለማጠጣት ከ2 እስከ 3 ኪሎ ዋት የሚሆን የፀሐይ ሰሌዳ በስሌት ይበቃል። በኤም-ድራይቭ እውነት ቢሆን ኖሮ እንኳ አንድ ኪሎ ዋት የሚገፋው ጥቂት መቶ የጤፍ ፍሬ ነበር፤ ተራ ፓምፕ ላይ የዋለ አንድ ኪሎ ዋት ከ40 ሜትር በሴኮንድ ከአንድ ሊትር በላይ ውሃ ያወጣል። መከራከር ያለበት ነገር እዚህ ነው ያለው፦ የፀሐይ ፓምፕ ለገበሬ በምን ብድር ይድረስ፣ ሲበላሽ መለዋወጫው ወልዲያ ይገኛል ወይስ አዲስ አበባ ድረስ ይኬዳል፣ ፀሐይ ወርሃዊ ሒሳብ ስለማትልክ ሁሉም ቀኑን ሙሉ ሲስብ የከርሰ ምድሩን ውሃ ማን ይጠብቀዋል። የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ ማንም በድምፅ ሲያነሳው አይሰማም፤ ከፀረ-ስበት ይልቅ ሊያስፈራ የሚገባው እሱ ነበር።

ነፃ የሆነ ነገር ከተፈለገም ቆቦ አንድ አላት፤ ድሮም ነበራት። በሐምሌ ተራራው ላይ ዝናብ ሲጥል ሆርማትና ጎሊና ሞልተው ይወርዳሉ። ገበሬው ጎርፉን በአፈር፣ በድንጋይና በቅርንጫፍ ጠልፎ ወደ ማሳው ይመራዋል። ሞተር የለም፣ ናፍጣ የለም፤ ውሃውንም ለም ደለሉንም የሚያመጣው ስበት ነው። የራያ ማሽላ፣ እነ ደገለትና ጅጉርጢ፣ በዚህ ውሃ ነው የኖሩት። ጠላፊው ሲፈርስ እንደገና ይሠራል፤ ቦዩ ይጠረጋል፤ ተራ የሚያስጠብቅ የውሃ አባት አለ። ከአንድ የሲሚንቶ መጥለፊያ በትክክል መሠራት ላይ የሚገኘው ጥቅም በዩቲዩብ ከታየ ማንኛውም ሞተር ይበልጣል። ግን አንድ ሺህ ሰው የሚያጋራው ርዕስ አይደለም።

ስበትን ማሸነፍ እንዴት እንደሚመስል ደግሞ ኢትዮጵያ አይታዋለች። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ከቻይና ታይዩዋን ተነሳች። ክብደቷ 70 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ ከሌሎች ሳተላይቶች ጋር የተሳፈረችበት ሮኬት ግን ሲነሳ 250 ቶን ገደማ ይመዝን ነበር፣ አብዛኛው ነዳጅ። ወደ ላይ ለመሄድ ይህን ሁሉ ወደ ታች መትፋት ያስፈልጋል። አቋራጭ ቢገኝ ቻይናም አሜሪካም በነገታው ይተዉት ነበር፤ ገንዘባቸውን አይጠሉትም።

ይህ ሁሉ ለሚሞክር ሰው ተስፋ ማስቆረጫ እንዳይሆን። በ2007 ዓ.ም. አስመላሽ ዘፈሩ የተባለ ወጣት በገዛ እጁ የሠራትን አውሮፕላን ሕዝብ ፊት አውጥቶ ለማብረር ሞክሮ ነበር። የመጀመሪያ ሙከራው አልተሳካም። ግን ሁሉም አየው፤ ሞተሯ የቱ እንደሆነ፣ ክንፏ በምን እንደተሠራ፣ የት ላይ እንደቆመች ታወቀ። እንዲህ ያለ ሰው ቢወድቅም ያተርፋል፣ የሚያየውም ይማራል። ከማይከፈት ሳጥን ጋር ፎቶ የሚነሳና ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቅ ሰው ከእሱ ጋር በአንድ ስም "ፈልሳፊ" መባሉ ያሳዝናል።

ስለዚህ ነዳጅ አልባ ሞተር አለኝ ለሚል ሁሉ አንድ ቀላል ቀጠሮ ይሰጠው። ቆቦ ዙሪያ መብራት ያጣ ጉድጓድ አይጠፋም። ማሽኑን እዚያ ያምጣው። የመብራት ገመድ አይገባበትም፣ ባትሪ አይገባበትም፣ ናፍጣ አይገባበትም። ምስጢሩን አይጠየቅም፣ ሳጥኑ አይከፈትበትም፣ ለፈጠራ መብቱ አይስጋ። ባዶ በርሜል ይቀመጣል፣ 200 ሊትር የሚይዘው። አንድ ሰው ስልኩ ላይ ሰዓት ይይዛል። ማሽኑ ቀኑን ሙሉ ይሥራ፤ ሌሊቱንም ይደር፣ በማግሥቱም ይድገም፣ ምክንያቱም ተደብቆ የገባ ባትሪ ካለ እስከዚያ ያልቃል። በርሜሉ ሲሞላ ይደፋና እንደገና ይጀመር። ቅድሚያ ክፍያው ከዚያ በኋላ ነው።